የተቸገረ ሁሉ አልታዘዘም ማለት ነው? የወሎ አንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ጥያቄዎች ከወሎ የመጡ ናቸው። ሁሉም በብሉይ ኪዳን መታዘዝና በረከት ያላቸውን ግንኙነት ይመለከታሉ። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ የጸሐፊዎቹንም ስም ትተናል። መልሶቹ እኩል አልረዘሙም፤ አንዳንዱ ጥያቄ በሁለት አንቀጽ ይበቃዋል፣ አንዳንዱ ግን አይበቃውም።

ከመርሳ

«የ1966ቱንም የ1977ቱንም ረሃብ በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ ‹ሕዝቡ ስለ በደለ ነው ሰማዩ ናስ የሆነው› ይባል ነበር፤ ዛሬም ዝናብ በዘገየ ቁጥር ይኸው ይነሣል። ዘዳግም 28፥23 የሚለው ይህንን ነው ወይ? ዳዊት ደግሞ ‹ጻድቅ ሲጣል፣ ዘሩም እህል ሲለምን አላየሁም› ይላል። እኔ ግን አይቻለሁ። የቱን ልመን?»

መልስ፦ አባታችን፣ ያዩትን ይመኑ። መጽሐፉም ያዩትን እንዲክዱ አይጠይቅዎትም።

መጀመሪያ ቃሉ ለማን እንደ ተነገረ እንይ። ዘዳግም 28 ዮርዳኖስን ሊሻገር በሞዓብ ሜዳ ለተሰበሰበ አንድ ሕዝብ የተነገረ የኪዳን ቃል ነው። በራስህ ላይ ያለው ሰማይ ናስ፣ ከእግርህ በታች ያለው ምድር ብረት ይሆናል ይላል፤ ዘሌዋውያን 26፥19 ደግሞ ገልብጦ ሰማዩን ብረት፣ ምድሩን ናስ ያደርገዋል። ማስጠንቀቂያው በዝናብ የሆነበት ምክንያት ዘዳግም 11 ላይ ተቀምጧል፦ ግብፅ በመስኖ የሚዘራባት አገር ናት፣ ከነዓን ግን የሰማይን ዝናብ የምትጠጣ። እዚያ የዝናቡ ወቅት የእኛ በጋ ነው። የፊተኛው ዝናብ በጥቅምትና በኅዳር ወርዶ የከረረውን መሬት ለሞፈር ያለሰልሳል፤ የኋለኛው በመጋቢትና በሚያዝያ ወርዶ ፍሬውን ይሞላል፤ ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም ጠብ የሚል የለም ማለት ይቻላል። የፊተኛው ከዘገየ ዘር አይወድቅም። የኋለኛው ከቀረ አዝመራው ቆሞ ይታያል፣ ዛላው ግን ባዶ ነው። በልግና መኸር እየጠበቀ የሚኖር የወሎ ገበሬ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቃሉ የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ነው፦ ብትሰማ በረከት፣ ባትሰማ መርገም። «መከራ ያገኘው ሁሉ ያልሰማ ነው» ማለት ቃሉን ወደ ኋላ ማንበብ ነው። ዝናብ መሬት ያረጥባል፤ እርጥብ መሬት ሁሉ ግን ዝናብ የመታው አይደለም።

በብሉይ ኪዳን የተጻፉትን ረሃቦች አንድ በአንድ ቢያዩዋቸው ይህ ፍንትው ብሎ ይወጣል። አብርሃም «ከአገርህ ውጣ» ተባለ፤ ወጣ፤ ከነዓን ደርሶ ያገኘው ረሃብ ነው። ትእዛዙ ዘፍጥረት 12፥1 ላይ ነው፣ ረሃቡ እዚያው ምዕራፍ ቁጥር 10 ላይ፤ በመካከላቸው አንዲት በደል አልተጻፈችም። የይስሐቅ ዘመን ረሃብ፣ የዮሴፍ ሰባት ዓመት፣ የሩት አማት ኑኃሚን ከቤተ ልሔም የተሰደደችበት ረሃብ፤ በአንዳቸውም ላይ «በዚህ ኃጢአት ምክንያት ነው» የሚል ቃል የለም። ምክንያታቸው የተነገረም አሉ። በዳዊት ዘመን ሦስት ዓመት የቆየው ረሃብ ሳኦል ገባዖናውያንን ስለ ገደለ እንደ ሆነ 2ኛ ሳሙኤል 21 ይናገራል። በአክዓብ ዘመን የሆነውን ድርቅ ኤልያስ አስቀድሞ ተናግሮታል። በሁለቱም በዳዩ ንጉሥ ነው። የተራበችው ግን እፍኝ ዱቄትና በማሰሮ ጥቂት ዘይት የቀራት የሰራፕታ መበለት ናት፤ ኤልያስም ራሱ የሚጠጣበት ወንዝ ደርቆበታል። ታዛዡ ነቢይና ያመፀው ንጉሥ አንድ ድርቅ ውስጥ ነበሩ።

አሞጽ 4፥7 ላይ እግዚአብሔር በአንዱ ከተማ አዝንቦ በሌላው እንደ ከለከለ ይነበባል፤ ይህን የሚጠቅሱልዎት ይኖራሉ። ምዕራፉን ከቁጥር 1 እንዲጀምሩ ይንገሯቸው። ክሱ የተጀመረው ድሆችን በሚያስጨንቁ፣ ችግረኞችን በሚያደቁ የሰማርያ ባለጸጎች ላይ ነው። ምዕራፍ 8 ላይም መስፈሪያውን አሳንሰው፣ ገንዘቡን አክብደው፣ የስንዴውን ግርድ ለድሀ የሚሸጡትን ይከሳል። በ1966 የሆነውንም ያጠኑ ሰዎች ወደዚሁ ይጠጋሉ። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እንዳሳየው በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የተጫነ እህል ነበር። ገበሬው ያለቀው አዝመራውም ከብቱም ሄዶ መግዣ ስላጣ ነው። እንግዲህ «ሕዝቡ በድሎ ነው» የሚል ሰው በረሃብ በሞተው ላይ ፈርዶ፣ እህሉን የጫነውንና ዝም ያለውን ሹም በነጻ ያሰናብታል። ዮሴፍ በግብፅ ያደረገውን ደግሞ ያስታውሱ፦ በጥጋቡ ሰባት ዓመት የምድሪቱን ምርት አምስተኛ እጅ ሰብስቦ በየከተማው አከማቸ። የማንንም ኃጢአት ሲመረምር አናገኘውም።

ስለ መዝሙሩ። ጥቅሱ በግዕዙ ዳዊት 36፥25 ነው፤ በሌሎች እትሞች 37 ተብሎ ይገኛል። የሚቀጥለው ቁጥር ጻድቁ ሁልጊዜ እንደሚራራና እንደሚያበድር ይናገራል። የጻድቅ ልጅ ለልመና የማይወጣው ጎረቤቱም እጁን የሚዘረጋ ሲሆን ነው፤ ዘዳግም 15፥7-11 «እጅህን አትጨብጥ» ብሎ ያዘዘው ለዚህ ነው። መዝሙር 43ን (በሌሎች እትሞች 44) ደግሞ አጠገቡ አድርገው ያንብቡ። «ይህ ሁሉ ደረሰብን፣ አንተን ግን አልረሳንህም» የሚል የሕዝብ ልቅሶ ነው። ሁለቱም በአንድ ዳዊት ውስጥ ናቸው፤ አንዱን እየደገመ ሌላውን የሚዘል ሰው ዳዊትን አልደገመም።

ከኮምቦልቻ

«በዘዳግም 28 የመርገሙ ዝርዝር ከበረከቱ እጅግ ይበልጣል። እግዚአብሔር ለመርገም ይቸኩላል ወይ?»

መልስ፦ ልክ ነዎት፤ ከቁጥር 1 እስከ 14 በረከት፣ ከ15 እስከ 68 መርገም ነው፤ 14 ለ54። ይህ ግን በዚያ ዘመን የውል አጻጻፍ የታወቀ ልማድ ነበር። የባቢሎኑ ሐሙራቢ ሕጉን ሲዘጋ ለሚጠብቀው አጭር ምርቃት፣ ለሚያፈርሰው እጅግ ረጅም እርግማን አስቀርጿል። የአሦር ንጉሥ አስራዶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ672 ገባሮቹን ያስማለበት ውል እ.ኤ.አ. በ1955 በኢራቅ ኒምሩድ በሸክላ ጽላቶች ላይ ተገኝቷል፤ በእርግማኑ ውስጥ እንደ ብረት የደረቀ መሬትና ዝናብ የማይወርድበት የናስ ሰማይ አለ። ለዘዳግም የመጀመሪያ ሰሚዎች አነጋገሩ አዲስ አልነበረም። አዲሱ ነገር ውል ያሰረው ንጉሥ እግዚአብሔር ራሱ መሆኑ ነው።

በረከቱ አጭር ቢሆንም እቤት ድረስ ይገባል። ቁጥር 5 «እንቅብህና ቡሃቃህ ቡሩክ ይሆናል» ሲል ያየው ጓዳውን ነው፦ እህሉ የሚመጣበትን እንቅብና ሊጡ የሚቦካበትን ቡሃቃ። ዘሌዋውያን 26፥26 ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያል፤ አሥር ሴቶች በአንድ ምድጃ ይጋግራሉ፣ እንጀራውም በሚዛን ተመዝኖ ይታደላል። የአሥር ቤት ሊጥ አንድ ምድጃ ካልሞላ በየቡሃቃው ምን ያህል እንዳለ ባለሞያ ታውቀዋለች።

ከሐርቡ

«ሙስሊም ነኝ፤ መጽሔታችሁን ከጎረቤቴ እየተዋስኩ አነባለሁ። በዓረፋ ስለ ኢብራሂም መታዘዝ እንሰማለን። በኦሪት አላህ የባረከው ስለ ታዘዘ ነው ወይስ ባረከውና ታዘዘ?»

መልስ፦ ወንድማችን፣ በቁርኣን ያለውን የአካባቢዎ ሼሆች ከእኛ ይልቅ ያስረዱዎታል፤ የኦሪቱን እንመልስልዎ። ጥያቄዎ በዚህ ገጽ ካሉት ሁሉ ስለቱ የበረታ ነው፤ የመታዘዝና የበረከት ነገር የሚፈታው ቅደም ተከተላቸው ሲታወቅ ነውና።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ዘፍጥረት 12 ላይ አብርሃም 75 ዓመቱ ሳለ ትእዛዝና ተስፋ በአንድ አፍ መጡለት፤ «ውጣ» እና «እባርክሃለሁ»። ገና ምንም አላደረገም። ምዕራፍ 15 ላይ ኪዳን ተደረገ፦ የሦስት ዓመት ጊደር፣ የሦስት ዓመት ፍየል፣ የሦስት ዓመት በግ ለሁለት ተሰነጠቁ፤ ዋኖስና ርግብ ግን አልተሰነጠቁም። በዚያ ዘመን ሁለት ሰዎች ሲዋዋሉ በተሰነጠቀው ሥጋ መካከል ያልፉ ነበር፤ ውሉን ያፈረሰ እንደ እንስሳው ይሁን ማለት ነው (ኤርምያስ 34፥18 ይህንን ያስረዳል)። በአብርሃም ኪዳን ግን ያለፈው የሚጤስ ምድጃና የእሳት ነበልባል ብቻ ነው። አብርሃም ከባድ እንቅልፍ ወድቆበት ነበር፤ እሱ አላለፈም። ኪዳኑን የተሸከመው አንዱ ወገን ብቻ ነው።

ከአገሩ ከወጣ 25 ዓመት ጠብቆ በ100 ዓመቱ ይስሐቅ ተወለደ። ልጁን እንዲሠዋ ታዝዞ ቢላዋ ካነሣ በኋላ ግን፣ ዘፍጥረት 22፥18 ላይ አዲስ ቃል ይጨመራል፦ «የምድር አሕዛብ ሁሉ በዘርህ ይባረካሉ፥ ቃሌን ሰምተሃልና።» ከመታዘዙ በፊት የነበረው ተስፋ ከመታዘዙ በኋላ በመሐላ ጸና። ዘፍጥረት 26፥5 ላይም ይስሐቅ በረከቱን የሚወርሰው አባቱ ቃሉን ስለ ሰማ እንደ ሆነ ይነገረዋል። እንግዲህ መታዘዝ በረከቱን አልገዛውም፤ የተሰጠው በረከት እስከ ልጅ ልጅ የወረደው ግን በመታዘዝ በኩል ነው። በሲናም እንዲሁ ነው። አሥርቱ ቃላት የሚጀምሩት «ከግብፅ ምድር ያወጣሁህ» ብለው ነው፤ ሕጉ የተሰጠው ነጻ ለወጡ ሰዎች ነው። ዘዳግም 9፥4-6 ደግሞ ምድሪቱን የምትወርሳት ስለ ጽድቅህ አይደለም፣ አንገተ ደንዳና ሕዝብ ነህና ይላል።

ለእስማኤልም በኦሪት የራሱ በረከት አለው፤ 12 አለቆች እንደሚወልድና ታላቅ ሕዝብ እንደሚሆን ዘፍጥረት 17፥20 ይናገራል።

ከወልዲያ

«ወንድሜ ጾመኛ፣ መጽዋች፣ ለእናታችን ታዛዥ ነበር። በ30ዎቹ ሞተ። ለቅሶ ቤት አንድ ሰው ‹ሰው የማያውቀው ነገር ይኖርበታል› አለ። ልቤ ተሰበረ።»

መልስ፦ እኅታችን፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ይህን የተናገረው ሰው የኢዮብን ወዳጆች ቃል ነው የደገመው። ኤልፋዝም «ንጹሕ ሆኖ የጠፋ ማን ነው?» ብሎ ነበር። በመጽሐፉ መጨረሻ እግዚአብሔር ለኤልፋዝ ያለውን 42፥7 ላይ አንብቢው፦ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም። የተወቀሱት ወዳጆቹ ናቸው። ሦስቱም መልካም የሠሩት አንድ ነገር ቢኖር መጀመሪያ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ መሬት ላይ ዝም ብለው መቀመጣቸው ነው።

ነገሥታቱንም ተመልከቺ። ምናሴ በ12 ዓመቱ ነግሦ 55 ዓመት ገዛ፤ ልጁን በእሳት ያሳለፈ፣ ኢየሩሳሌምን በንጹሕ ደም የሞላ ሰው ነው። ኢዮስያስ በ8 ዓመቱ ነግሦ የሕጉን መጽሐፍ ሲሰማ ልብሱን ቀደደ፣ ጣዖቱን አፈረሰ፣ እንደ እርሱ ያለ ንጉሥ አልነበረም ተባለለት፤ በመጊዶ በፈርዖን ኒካዑ እጅ ሲሞት 39 ዓመቱ ነበር። በሰላም ወደ መቃብርህ ትሰበሰባለህ ተብሎም ተነግሮት ነበር። መጽሐፈ ነገሥት አሟሟቱን በአንዲት ቁጥር ጽፎ ምክንያቱን ሳይናገር ያልፋል። ከዚያ በኋላ የተጻፈው ዜና መዋዕል ማብራሪያ ይጨምራል፤ ምናሴ ተማርኮ ንስሐ ገባ፣ ኢዮስያስ ደግሞ በኒካዑ አፍ የመጣውን የእግዚአብሔር ቃል አልሰማም ይላል። ቅዱሳት መጻሕፍቱ ራሳቸው በዚህ ነገር ሲያምጡ ይታያሉ። ኢሳይያስ 57፥1 ደግሞ ጻድቅ ከሚመጣው ክፉ ነገር ፊት ይወሰዳል፣ ልብ የሚለው ግን የለም ይላል። ሕጉ ለታዛዥ ዕድሜ ተስፋ መስጠቱ እውነት ነው። ዕድሜው ያጠረ ሁሉ አልታዘዘም የሚል ሕግ ግን የለም።

አብሽሪ። ያንን ሰው መልሰሽ አትከራከሪው፤ የኢዮብን 42ኛ ምዕራፍ ያነበበ ካህን ይንገረው።

ከደሴ

«በምሄድበት ጉባኤ ሚልክያስ 3፥10 በየሳምንቱ ይነበባል፤ ከደመወዛችሁ አሥራት ስጡ፣ እጥፍ ሆኖ ይመለሳል ይባላል። ሁለት ዓመት ሰጠሁ፤ ዕዳዬ ጨመረ። ያጠፋሁት አለ?»

መልስ፦ አላጠፉም፤ ጥቅሱ የማይለውን ቃል ገብተውልዎታል።

አሥራት በሕጉ እንዴት እንደሚሠራ በእህል እንቁጠረው። 20 ኩንታል ያገኘ ሰው 2 ኩንታሉን ለሌዋውያን ይሰጣል፤ እነርሱ መሬት አልተካፈሉምና። ሌዋውያኑ ደግሞ ከተቀበሉት አሥራቱን፣ ማለትም 20 ኪሎ፣ ለካህናቱ ያወጣሉ (ዘኁልቁ 18፥21-28)። ከዚያ ዘዳግም 14 ያለው አለ፦ ሰውየው ወደ ተመረጠው ስፍራ ወስዶ ከቤተሰቡና ከሌዋዊው ጋር እየበላ ደስ ይለዋል፤ መንገዱ ከራቀበት ሸጦ ብሩን ይዞ ይሄዳል። በየሦስተኛው ዓመት ግን እዚያው ከተማው ውስጥ ያኖረዋል፤ ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ድሀ አደጉና መበለቲቱ በልተው ይጠግባሉ። በኋላ የአይሁድ ሊቃውንት ሁለቱን ደምረው ሠሩበት፤ ከ100 መጀመሪያ 10፣ ከቀረው 90 ደግሞ 9፣ በጠቅላላው 19፤ ለካህናት የሚወጣውን መባ ሳይቆጥሩ። የተዘረዘረው እህል፣ ወይን፣ ዘይትና ከእረኛው በትር በታች የሚያልፍ መንጋ ነው። የደመወዝ አሥራት የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሊሆን ይችላል፤ በሕጉ ዝርዝር ውስጥ ግን የለም።

አሁን ሚልክያስን ይክፈቱ። ቁጥር 10 «አሥራቱን ሁሉ ወደ ጎተራ አግቡ» ይላል፤ ከእርሱ በፊት ግን ቁጥር 5 አለ፤ የሞያተኛውን ደመወዝ የሚከለክሉት፣ መበለቲቱንና ድሀ አደጉን የሚያስጨንቁት የተከሰሱበት። ቁጥር 9 ሌብነቱን የሕዝቡ ሁሉ ያደርገዋል። ጎተራው ባዶ ሲሆን የሆነውን ነህምያ 13፥10 ይነግረናል፦ ሌዋውያን የሚበሉት አጥተው አገልግሎቱን ትተው ወደ እርሻቸው ሸሹ። የተስፋውም ዝርዝር ዝናብ፣ አጥፊው እንዲገሠጽ፣ ወይኑም ፍሬውን እንዳይጥል ነው። በ2013 ጥቅምት አንበጣ ማሽላውንና ጤፉን ሲውጥ ያየ የወሎ ሰው «አጥፊ» ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ለአንድ ሰው ብሩ እጥፍ ይሆናል የሚል ግን በውስጡ የለም።

በተግባር፦ ዕዳ ካለብዎ መጀመሪያ ዕዳዎን ይክፈሉ፤ መዝሙር 36፥21 ተበድሮ የማይመልስን ኃጢአተኛ ይለዋል። ሠራተኛ ካለዎት ደመወዙን ፀሐይ ሳትገባ ይስጡ (ዘዳግም 24፥15)። የቀረውን እንደ አቅምዎ ለተቸገረ ጎረቤት ያካፍሉ። ዘዳግም 14፥29 «እግዚአብሔር ይባርክህ ዘንድ» የሚለው መበለቲቱና ድሀ አደጉ ከጠገቡ በኋላ ነው።

ከሐይቅ

«በእኛ አገር የወላጅ ምርቃት ከርስት ይበልጣል። አባቴ ግን ተቆጥቶኝ፣ ረግሞኝ ሞተ። ይህ እርግማን ይፈታል?»

መልስ፦ የሌዊን ታሪክ ይከተሉ። ያዕቆብ ሊሞት ሲል ስምዖንንና ሌዊን በሴኬም ስላፈሰሱት ደም ቍጣቸውን ረገመ፤ «በእስራኤል እበታትናቸዋለሁ» አለ (ዘፍጥረት 49፥7)። አባትየው ሞተ፤ ቃሉን ያነሣ የለም። ከዘመናት በኋላ፣ በወርቁ ጥጃ ጊዜ፣ ሙሴ «የእግዚአብሔር የሆነ ወደ እኔ ይምጣ» ሲል የተሰበሰቡት የሌዊ ልጆች ናቸው። እውነትም ተበተኑ፤ ርስት ሳይኖራቸው በ48 ከተሞች ተበትነው ተቀመጡ፤ የተበተኑት ግን ሕዝቡን ሕግ እያስተማሩ ነው። ሙሴ ዘዳግም 33 ላይ ሌዊን ሲመርቅ ከማንም ያላነሰ ምርቃት ሰጥቶታል። መበተኑ አልቀረም፤ በመታዘዛቸው ወደ በረከት ተለወጠ።

ምሳሌ 26፥2 ያለ ምክንያት የወጣ እርግማን እንደሚበርር ወፍ ነው፣ አያርፍም ይላል። ምርቃትም ቢሆን ባለቤት አለው። ካህናት የሚመርቁበት ቃል (ዘኁልቁ 6፥24-26) በዕብራይስጥ 15 ቃል ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ቁጥር 3፣ በሁለተኛው 5፣ በሦስተኛው 7። እ.ኤ.አ. በ1979 በኢየሩሳሌም ኬቴፍ ሒኖም መቃብር የተገኙ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 ገደማ የተሠሩ ሁለት ትንንሽ የብር ጥቅሎች ከዚህ ምርቃት የተቀረጸባቸው ናቸው፤ ሰዎች አንገታቸው ላይ ያስሩት እንደ ነበር ይገመታል። ከምርቃቱ ቀጥሎ ያለው ቁጥር 27 ግን ካህናቱ ስሜን ይጥሩ፣ የምባርካቸው እኔ ነኝ ይላል።

አባትዎን ዛሬም ማክበር ይቻላል፦ እናትዎ ካሉ ይጡሯቸው፣ በአባትዎ ላይ የቀረ ዕዳ ካለ ይክፈሉ፣ ከወንድምና ከእኅት ጋር በርስት የተጣሉ ከሆነ በሽማግሌ ይጨርሱ። ዘዳግም 5፥16 «ዕድሜህ እንዲረዝም» የሚለው ለዚህ ነው። ዘዳግም ይህንኑ የዕድሜ ተስፋ እናቲቱን ወፍ ሰድዶ ጫጩቶቹን ብቻ ለሚወስድም (22፥7)፣ ሚዛኑን ለማያጭበረብርም (25፥15) ሰጥቷል፤ ከሦስቱ የመጨረሻው በየገበያው ቀን የሚፈተን ነው።

ከቦረና፣ መካነ ሰላም

«የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። የገሪዛንንና የጌባልን ሥርዓት ልጆቹ በተግባር እንዲያዩት ማድረግ እፈልጋለሁ። እንዴት ላዘጋጀው?»

መልስ፦ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ቦታውም አለዎት። ሥርዓቱ ዘዳግም 27 ላይ ነው፦ ስድስት ነገድ ለበረከት በገሪዛን፣ ስድስት ለመርገም በጌባል ይቆማሉ። ገሪዛን በደቡብ፣ ጌባል በሰሜን ትይዩ የቆሙ ተራሮች ናቸው፤ ከፍታቸው 881 እና 940 ሜትር ገደማ፤ በመካከላቸው ያለችው ሴኬም የዛሬዋ ናብሉስ ናት። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ትንንሽ ጉብታዎችና በመካከላቸው ሜዳ ይምረጡ። ልጆቹ በአንዱ በኩል ጮኸው ሲያነቡ በሌላው በኩል መሰማት አለበት፤ አስቀድመው ይሞክሩት።

ልጆቹን በ12 ይክፈሉ። በገሪዛን ስምዖን፣ ሌዊ፣ ይሁዳ፣ ይሳኮር፣ ዮሴፍ፣ ብንያም፤ በጌባል ሮቤል፣ ጋድ፣ አሴር፣ ዛብሎን፣ ዳን፣ ንፍታሌም። ስሕተት የሚመጣው እዚህ ነው። ብዙ አስተማሪዎች ኤፍሬምንና ምናሴን ለየብቻ ቆጥረው 13 ይሆንባቸዋል፤ በዚህ ምዕራፍ ዮሴፍ አንድ ነው፣ ሌዊም ከነገዶቹ ጋር ይቆጠራል። በመካከል ታቦቱን የሚሸከሙ ካህናት ይቁሙ (ኢያሱ 8፥33)፤ ለእነርሱ ከሌዊ ወገን ሁለት ሦስት ልጅ ያውርዱ። መሠዊያው የሚሠራው ካልተጠረበ ድንጋይ ነው፤ ስፍራውም ጌባል፣ መርገሙ የተመደበበት ተራራ ነው (ዘዳግም 27፥4-5)። ሳምራውያን በእጃቸው ባለው ኦሪት ስፍራው ገሪዛን ነው ይላሉ፤ ፋሲካቸውንም እስከ ዛሬ እዚያ ይሠዋሉ። ትልልቆቹ ልጆች ቢጠይቁ ይንገሯቸው።

ንባቡ ከ27፥15 እስከ 26 ያሉት 12 መርገሞች ናቸው። ከ20 እስከ 23 ያሉትን አራቱን ለልጆች አያንብቡ፤ ስምንቱ ይበቃሉ። አንዱ ሲያነብ ሁሉም «አሜን» ይበሉ፤ የገሪዛኖቹም ጭምር፣ ምክንያቱም ጽሑፉ «ሕዝቡ ሁሉ» ይላል። በየመካከሉ ቆም ብለው ይጠይቋቸው፦ ጣዖት በስውር ማቆም፣ የባልንጀራን የድንበር ምልክት መንቀል፣ ዕውርን ከመንገድ ማሳት፣ ባልንጀራን በስውር መምታት፤ እነዚህን ማን ያያቸዋል? ዳኛ ማስረጃ የማያገኝባቸው ናቸው። ድንበር መግፋቱ ላይ ቢቆዩ ልጆቹ ከሰፈራቸው ምሳሌ ያመጣሉ፤ የሰው ስም እንዳይጠሩ አስቀድመው ይንገሯቸው።

በምዕራፍ 27 የበረከቱ ቃል አልተጻፈም፤ ለእርሱ ከ28፥3-6 ያሉትን አራት ቁጥሮች ከገሪዛን በኩል ያስነብቡ። እንቅብና ቡሃቃ ከቤት አስመጥተው ያሳዩ። መጻተኛውንም አይርሱ፤ ኢያሱ 8፥35 ንባቡን የሰሙት ሴቶች፣ ሕፃናትና በመካከላቸው የሚኖሩ መጻተኞች እንደ ሆኑ ይዘረዝራል፤ ለመጻተኛው የሚቆም አንድ ልጅ ከመጀመሪያው ይመድቡለት፣ አለዚያ በመጨረሻ ቦታ ያጣል።